ጋሽ ሣህሌ ከነማሽናቸው

በዚህ ትረካ ውስጥ፣ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «የቤዝ ጊታር ተጫዋች» ማለት ዕድሜው አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ በሌላ ሥራ ደመወዝ የሚተዳደር፣ አራት ወፋፍራም ክሮች ያሉት መሣሪያ በይዞታው ሥር የሚገኝ፣ ሲጫወት የማይሰማ፣ ሲያቆምም አንድ ነገር ጎደለ እንጂ እርሱ ጎደለ የማይባልለት፣ ይህንን ሁሉ እያወቀ ስለ ድምፁ ቃና በቀን ከሁለት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ የሚጨነቅ የተፈጥሮ ሰው ነው። በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል፤ በቦንጋ ከተማ ግን እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ የምትጨመር ሴት አልተገኘችም።

በዚህ ትርጉም መሠረት በተጠቀሰው ዓመት በከተማው ውስጥ ሦስት የቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ነበሩ፤ ለዕድሜው መስፈርት ሁለቱን ይቅር ብለናቸው። ባንድ ግን አልነበረም።

ከሦስቱ አንዱ ሰላሐዲን ነው፤ ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ባለ አምስት ክር ቤዝ ያለው፣ አምስተኛውን ክር ግን ለእንግዳ ከማሳየት በቀር የማይነካው። ሁለተኛው ከሶዶ ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር ኢያሱ ነው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቤዝ መዘምራንን ያጅባል። ሦስተኛው፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ በዞኑ ግብርና መሥሪያ ቤት የንብ እርባታ ባለሙያ የሆኑት ጋሽ ሣህሌ ናቸው። ሦስት ቤዝ ብቻውን ሙዚቃ አይሆንምና አብረው የሚጫወቱት ነገር አልነበራቸውም። አብረው የሚያደርጉት ክርክር ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሰላሐዲን ሱቅ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች መካከል።

ሰላሐዲን የሚወደው ብሩህ፣ የሚያቃጭል ድምፅ ነው። ክሮቹ ገና መደብዘዝ ሲጀምሩ ፈትቶ በሻይ ማንቆርቆሪያ ይቀቅላቸዋል፤ እድፋቸው ሲለቅ ድምፃቸው ይታደሳል። በዚያው ማንቆርቆሪያ ሻይ የተፈላለት እንግዳ ደግሞ የብረት ጣዕሙን የቦንጋ ውኃ ጠባይ አድርጎ ተቀብሎ ይሄዳል። ጋሽ ሣህሌ በበኩላቸው ክር የቀየሩት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ይህ ክር እኮ ጡረታ የመውጣት መብት አለው» ይላል ሰላሐዲን።

«ክር ካልደከመ አይበስልም። አንተ የምትቀቅለው ቤዝ ነው ወይስ መኮሮኒ?»

«መኮሮኒ ቢሆን እንኳ የሚቀምሰው ሰው አይጠፋም ነበር።»

«ሁለታችሁም ጣታችሁን ብታሠለጥኑ ይሻላችኋል» ይላል ኢያሱ፣ በማስተማር ድምፁ። «ቃና ያለው ጣት ላይ ነው።»

«የራሱ መሣሪያ የሌለው ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ ይላል» ብለው ጋሽ ሣህሌ ክርክሩን ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል።

የእርሳቸው ቃና ጥቁር፣ ክብና ደረቅ ነው፤ ወይም እንዲያ እንዲሆን ይመኛሉ። ለዚህም ሲሉ ከክሮቹ ሥር፣ ከመሣሪያው ጭራ ዘንድ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ የሚያፍን ስፖንጅ ይሰኩበታል። ስፖንጁ ከፍራሻቸው የተቆረጠ ነው። ስፖንጅ ያረጃልና በየዓመቱ አዲስ ይቆረጣል። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ለጎረቤት ሲያስረዱ «ፍራሹ በየዓመቱ ከግርጌ በኩል ያጥራል» ይላሉ። «እሳቸውም ዕድሜ ሲገፋ ሰው ያጥራል ይሉኛል፤ እንግዲህ እኩል እስክንሆን እየጠበቅን ነው።»

ቤዙን የገዙት በ1984 ዓ.ም. ጅማ ላይ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነ አንድ የክፍለ ጦር ኦርኬስትራ ዕቃው ከከበሮ እስከ ኮፍያ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ሻጩም ቤዙን «ሁለት ክር የጎደለው ጊታር ነው» ብሎ ከልቡ ያምን ስለነበር በቅናሽ ሰጣቸው። ድምፅ ማጉያውን የሠራላቸው ሰላሐዲን ነው፤ የድሮ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ማጉያ በዋንዛ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ። ጋሽ ሣህሌ «ማሽኑ» ይሉታል። ማሽኑን ለማንሳት ሁለት ሰው፣ ለማውረድ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያጽናና ነው። የቦንጋ ዝናብ ማባራት የሚረሳ ዝናብ በመሆኑ የማጉያው ወረቀት በየጊዜው ይሻግታል። እርሳቸውም በየወሩ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ሻጋታው ለቃናው ርጋታ አለመጨመሩን ግን እርግጠኛ አይደሉም፤ ስለዚህ አጥብቀው አይጠርጉትም።

ከዚያ ደግሞ ፔዳሎቹ አሉ፤ በእግር እየተረገጡ የቤዙን ድምፅ የሚያወፍሩ፣ የሚያሻክሩ ወይም የሚያለሰልሱ ትንንሽ የብረት ሣጥኖች። ዋለ በሚባል የቡና ጭነት መኪና ሾፌር እጅ አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ የመጡ አራት ናቸው። ኮምፕረሰሩ ከፍ ዝቅ የሚለውን ድምፅ ጨምቆ ያስተካክላል። ኦክታቨሩ ከሥሩ ሌላ የወፈረ ድምፅ ይደርባል። ኮረሱ አንዱን ቤዝ ሁለት ያስመስላል፣ አንዱንም ለማይሰማው ሕዝብ። አራተኛው የኤሌክትሪክ ልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ነው። ዋለ ፔዳል እንዲያመጣ ተላከ፣ ፔዳል አመጣ፤ ሰው በዚህ አይወቀስም። ሰላሐዲን ሆዱን ከፍቶ ጥቂት ሽቦ ካዘዋወረ በኋላ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ አደረገው። ከአራቱ አንድም ጊዜ ሳይበላሽ የዘለቀ እርሱ ብቻ ነው።

በመደበኛ ሥራቸው ግን ማንም አይቀልድባቸውም። ማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ወደተሰቀለ ቀፎ በመሰላል ወጥተው ጆሯቸውን ሲያስጠጉ፣ ከታች የቆመው ገበሬ ትንፋሹን ይይዛል። ንግሥት ያለችበት ቀፎ ረግቶ ያጉረመርማል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ያላዝናል። ጋሽ ሣህሌ ቀፎውን ሳይከፍቱ ይለያሉ፤ ተሳስተው አያውቁም ይባላል። «እኔ የምፈልገው ቃና ይኸው ነው» ይላሉ ሲወርዱ። ገበሬው ስለ ማሩ የሚናገሩ እየመሰለው በሐሳባቸው ይስማማል።

የዞኑ ባህል መሥሪያ ቤት የኪነት ቡድን አለው። ጋሽ ሣህሌ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ አበልና ያለ ደብዳቤ፣ ከዚህ ቡድን ኋላ ቆመው ለስምንት ዓመት ቤዝ ተጫውተዋል። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ በበዓል ቀን ሜዳ ላይ ለሕዝብ የሚያሰማው መሣሪያ የቀበሌው ጥሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያ ነበር። ይህም ማጉያ የዘፋኝን ጉሮሮና የባለሥልጣንን ንግግር አጥርቶ ያወጣል፤ ወፍራም ድምፅ ሲመጣበት ግን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ጋሽ ሣህሌ ከማሽኑ ሁለት ክንድ ርቆ ለቆመ ሰው ካልሆነ በቀር ተሰምተው አያውቁም፤ እዚያ የሚቆመው ደግሞ ራሳቸው ነበሩ።

ኋላ ኪቦርድ መጣ። ከኪቦርዱ ጋር አብነት የሚባል ትሑት ወጣት መጣ። አብነት በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራ እጁ ቤዙን ይጫወታል፤ ከበሮውን ኪቦርዱ ራሱ ይመታል።

«የፕላስቲክ ቤዝ ነው» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «ደም የለውም።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ አብነት፤ የማይከራከር ልጅ ነበርና። ይህ የበለጠ አናደዳቸው።

በዚያ ዓመት የኪነት ቡድኑ ወደ አዋሳ ተጠራ። የክልሉ የባህል ዝግጅት ነው። ከዚያ የተመለሰ አንድ ሹፌር፣ መድረኩ ላይ የቆመው ድምፅ ማጉያ ቁመቱ ሰው እንደሚያህልና ቤዙ ሲመታ የተመልካቹ ሸሚዝ እንደሚንቀጠቀጥ ለጋሽ ሣህሌ ነገራቸው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ፣ በሰው ሸሚዝ ላይ ሊሰሙ ነው።

የቡድኑ ኃላፊ ኮከብ በቢሮዋ አስቀምጣ አነጋገረቻቸው።

«ጋሽ ሣህሌ፣ እርስዎን የሚጠላ የለም። መኪናው ግን አሥራ አራት ሰው ነው የሚይዘው። እርስዎ ከነማሽንዎ አራት ሰው ነዎት።»

«ማሽኑ ከኋላ ይጫን።»

«ከኋላ ጨፋሪዎቹ ናቸው።»

«እንግዲያው ማሽኑ ይቅር፤ እዚያ ትልቅ አለ ተብሏል። እኔና ቤዜ እንሂድ።»

«አንድ ወንበር ነው የቀረኝ፤ እሱንም ክራር መቺው ይዞታል ማለት ይቻላል። አብነት በግራ እጁ ቤዙን ይሸፍነዋል።»

ጋሽ ሣህሌ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይፈተን» አሉ። «አንዱን ዘፈን በእኔ ቤዝና በልጁ ግራ እጅ እያንዳንዱን ለብቻ ቅዱት። ልዩነቱን የማይሰማ ሰው ካለ እኔ እቀራለሁ።»

ኮከብ ፍትሕ የምትወድ ሰው ነበረች፤ ደግሞም በዚያ ዘመን ኮሚቴ ሳይቋቋም የሚወሰን ጉዳይ አልነበረም። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ ራሷ፣ ከሙያው ዘርፍ ሰላሐዲንና ኢያሱ። አንድ የሠርግ ዘፈን ተመረጠ። ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ሣህሌ አዲስ የተቆረጠ ስፖንጃቸውን ሰክተው፣ አራቱን ፔዳሎች ደርድረው፣ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ተቀዱ። ረቡዕ ለንብ አናቢዎች ሥልጠና ወደ ቢታ ገነት ሄዱ፤ ሐሙስ አብነት ያንኑ ዘፈን በግራ እጁ ቀዳ። የትኛው የካሴቱ ገጽ የማን እንደሆነ እርሱ ብቻ በወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ፣ ኪሱ አኖረ። ካሴቱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ቅዳሜ ጧት ኮሚቴው ኪቦርዱ ባለበት በዚያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰላሐዲን ከሱቁ ምርጡን ቴፕ አምጥቶ ነበር። ጋሽ ሣህሌ፣ አባል ባይሆኑም፣ ለማብራሪያ ተገኙ። ከቢታ ገነት በመጡበት ልብስ ነበሩ፤ የጭቃው ቀለም እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል።

የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ክራሩ ይከተላል፤ ከሥር አንድ ነገር ይንደረደራል።

ጋሽ ሣህሌ ዘፈኑ ሳያልቅ እጃቸውን አነሡ። «ይበቃል። ይህ በባዶ በርሜል ውስጥ የሚንከባለል ድንች ነው። አብነት፣ አትቀየመኝ ልጄ፤ ጥፋቱ የአንተ ሳይሆን የመሣሪያው ነው።»

አብነት ጫማውን አየ።

«ትንፋሽ የለውም» አለ ኢያሱ። «ጣት ያልነካው ነገር እንዲህ ነው።»

ሁለተኛው ገጽ ተከፈተ። ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ጥቁር፣ ክብ፣ ደረቅ ነገር ተነሥቶ ወለሉን ያዘ። አይቸኩልም፣ አያስተጋባም። ጋሽ ሣህሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲህ» አሉ ዘፈኑ ሲያልቅ፣ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ስፖንጁ ይሰማችኋል? ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጸጥ ሲል?»

«ለኮምፕረሰሩ አዲስ ባትሪ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ» አለ ሰላሐዲን። «አሥራ አንድ ዓመት ስከራከርዎ ኖሬ ዛሬ ተረታሁ። የደከመ ክር ይሻላል።»

«ጣት ነው» አለ ኢያሱ። «ጣት መሆኑ ግን በደንብ ይሰማል።»

ኮከብም የሁለተኛው ገጽ ልዩነት ለሙዚቃው ጨዋ ለሆነችው ለእርሷ እንኳ እንደተሰማት አልደበቀችም። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ብዕሯን አንሥታ ወደ አብነት ዞረች። «በል ወረቀቱን ስጠኝ፤ ለፎርማሊቲ ነው።»

«ይቅር እቴ ኮከብ» አለ አብነት። «ተስማምታችኋል አይደል። እሳቸው ይሂዱ።»

«ቃለ ጉባኤ ነው፤ አባሪ ያስፈልገዋል።»

ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው። እንደገና አነበበችው፤ ከዚያ በጥንቃቄ በመጣበት መታጠፊያ አጠፈችው።

«ጋሽ ሣህሌ» አለች። «የእርስዎ የመጀመሪያው ነው።»

ሰላሐዲን ተነሥቶ ያልተበላሸውን ቴፕ ከጀርባው ይመረምር ጀመር። ኢያሱ ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ውጭ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ጋሽ ሣህሌ ጭቃ የያዘውን የሱሪያቸውን ጉልበት በአውራ ጣታቸው ሲፍቁ ቆዩ፤ ኮከብም ብዕሯን ሳትጽፍበት ከደነችው።

«ያ ሁለተኛው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ፤ «በኪቦርዱ ላይ የድምፁ ቁጥር ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሰባት ነው፣ ጋሼ» አለ አብነት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጋሽ ሣህሌ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከኪቦርዱ አጠገብ ተቀመጡና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እስቲ ንካው» አሉ።