በቴርሲንግ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው የወተት ጣሳ ቁራጭ

ኦቶን ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው የቴርሲንግ ቶርኖ ቤት፣ ሞተሩ የሞተበት ሾፌር ሁሉ እያዘነ የሚገባበት፣ እየሳቀ የሚወጣበት ቤት ነው። ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ መከራ አለበት፤ ግድግዳው። የተቃጠለ ፒስተን፣ የታጠፈ ቫልቭ፣ የነቃ ራዲያተር በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ያበላሸው ሰው ስም በቀይ ቀለም ይጻፍበታል። ስም ሳይጻፍ ሞተር አይወጣም። የደብሩ ቄስ እንኳ አልተረፉም፤ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ዳቦ ቤቱ ያዞራሉ።

"ምን ዓይነት ክፉ ሴት ናት!" የሚሏት አሉ። ክፉስ አይደለችም። ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት እንጂ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚህ ቤት የገባችው ዕቃ በናፍጣ ልታጥብ ነበር። ክራንክ ሻፍት፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የሚሞርደው ሰውዬ ሳውዲ ሄደ። የተካው ዱባይ ሄደ። ሦስተኛውማ ጠዋት ሥራ ጀምሮ ከሰዓት ቪዛው መጣለትና ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሮጠ። አሠሪዋ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ጊዜ፣ "እኔ ልሞክረው" አለች። ሾፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ሴት የነካችው ሞተር ዳገት ላይ ያለቅሳል" አሏት። ይኸው ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላት፤ ቤቱም የእሷ ሆነ፣ የሳቁባትም ልጆቻቸውን አስከትለው ወረፋ ይጠብቃሉ። በሞረደችው ክራንክ ሻፍት ሁሉ ጎን ላይ ትንሽ ዓሣ ትጭራለች፣ ከዓሣዋ ሥር ዓመቱን። ፊርማዋ ናት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሾፌሩ ኖኖይ የሚነዳት ጂፕኒ፣ ሰውና ጭነት የምታመላልስ የአገሩ ረጅም ጂፕ፣ በሌላ ጂፕኒ ተጎትታ መጣች። ጎመንና ሰው ጭና የቡካሪን ዳገት ስትወጣ ሆዷ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብሎ ቀጥ ብላለች። ከኋላዋ ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ጨብጠው የኖኖይ አማት ኢስፔ፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ናንግ ኢስፔ፣ ደረሱ። ጂፕኒዋ የእሳቸው ናት።

"ዘይት አላየም!" አሉ ገና ከደጅ። "ይኼ ሰው ዓይን ያለው ልጄን ሲያይ ብቻ ነው!"

"በየጠዋቱ አያለሁ፣ እናቴ። በልጆቼ እምላለሁ!"

"ዝም በል! ቅዳሜ ሞተሩ ይነሳል፣ መሪውን የወንድሜ ልጅ ይይዛል። አንተ ጎመኑን ተሸከም።"

ኖኖይ አንገቱን ደፋ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ከዚያች መሪ ሌላ የሚያውቀው መተዳደሪያ የለውም። ቴርሲንግ ግን ለማንም አታዝንም፤ የቀለሙን ጣሳ በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ "የስምህ ቀለም ሊደርቅ ነው፣ ሞተሩን ቶሎ ልፍታው" አለችው።

ሞተሩን ስትፈታ የመጀመሪያው ነገር ገረማት። ዘይቱ ሙሉ ነበር። ሦስተኛዋ ብሮንዚና ግን፣ ክራንክ ሻፍቱ ተደግፏት የሚሽከረከርባት ግማሽ ቀለበት ማለት ነው፣ ቀልጣ ብረቱ ላይ ተጋግራለች። በመፍቻ ፈልቅቃ ስታወጣት ከጀርባዋ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ቆርቆሮ ወደቀች። የወተት ጣሳ! የተሳለችባት ላም እንኳ በግማሽ ትታያለች።

ቴርሲንግ ደስታዋን አልቻለችውም። "ካርዲንግ! ይሄ ካርዲንግ የሚሉት ጉድ!" ካርዲንግ ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ ነው። የላላች ብሮንዚና ለማጥበቅ ቆርቆሮ ቆርጦ ከጀርባዋ ሲሸጉጥ አንዴ ይዛው፣ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ደንበኛው ጥሎት ሄዷል። የአሁኗም ቆርቆሮ የዘይት ቀዳዳ ተበስቶላት ነበር፤ ከጊዜ ብዛት ተንሸራታ የዘይቱን መንገድ ደፈነችው እንጂ። ታዲያ ኖኖይ በየጠዋቱ ቢያይ ባያይ ምን ሊረባው!

ክራንክ ሻፍቱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ጎኑ ላይ ትንሽ ዓሣ አለች። ከሥሯ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት የዛሬ አራት ዓመቱ ነው።

የራሷ እጅ ሥራ ነው። ወዲያው ትዝ አላት። የከተማው ክብረ በዓል ዋዜማ ነበር፤ የታዘዘችው ብሮንዚና አልደረሰችም፤ ናንግ ኢስፔ በር ላይ ቆመው ይጮሃሉ። "ለአንድ ሳምንት ብቻ" ብላ ጣሳ ቆረጠች። ሳምንቱ አለፈ፣ እሷም ረሳችው። አይ ቴርሲንግ! ስንቱን ሰው ሰቀልሽ!

ኖኖይ ደጅ ተቀምጦ ባቾይ የሚሉትን የፓስታ ሾርባ ይበላል፤ ምንም አላየም። ቆርቆሮዋን ኪሷ ከተተች።

ጥፋቷን መናገር ቢያቅታት መሥራትስ አላቃታትም። ክራንክ ሻፍቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ጠረገችው፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰችበትና በመዶሻ መታ መታ አደረገችው። ስንጥቅ ቢኖር ጋዙ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይስል ነበር። መስመር የለም። ድምፁም እንደ ደወል ጠራ። "አልሞትክም አንተ!" አለችው ጮክ ብላ።

ቁስሉ ግን ጥልቅ ነው፤ እንዲሁ ቢሞረድ ለቀጠነው ብረት የሚሆን ብሮንዚና በአገር አይገኝም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞላችው፤ ትንሽ በይዳ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትበይዳለች። ሐሙስ ስትለካው ሙቀቱ አጉብጦታል። ክራንክ ሻፍቱን መጫኛው ፕሬስ ላይ አጋድማ ትጫነዋለች፣ ትለካለች፣ ትጫነዋለች፣ ትለካለች። የመለኪያው ቀስት አልነቃነቅ ሲል ቁጭ ብላ ላቧን ጠረገች። ዓርብ ሞረደችው። እንደ መስታወት አበራ። አዲሶቹን ብሮንዚናዎች ገጥማ፣ ዘይት ቀብታ አስቀመጠችውና በሁለት ጣት ገፋችው። ዞረ! እሰይ! ብቻዋን አጨበጨበች። ከዚያ ኪሷን ዳበሰችና ደስታዋ ጠፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቦታው ገብቶ ታሰረ። ናንግ ኢስፔ የወንድማቸውን ልጅና አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ፤ የዶሮው ደም ሞተሩ ላይ ካልተንጠባጠበ፣ ሞተሩ የሰው ደም ይለምናል ነው ነገሩ። ካርዲንግም ወሬ ሊያይ በሩ ላይ ተደግፏል።

"በይ የዚህን ሰው ስም ጻፊና እንሂድ" አሉ ናንግ ኢስፔ።

ኖኖይ ቀድሞ ብሩሹን አነሳ። "እኔው እጽፈዋለሁ፣ ናንግ ቴርሲንግ። ጂፕኒዋ ብቻ ትነሳ እንጂ ስሜ የትም ይንጠልጠል።" ቀለሙን ነክሮ ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት አሰመረ።

ቴርሲንግ አልቻለችም። "ተው!" ብላ ጮኸች። ብሩሹን ከእጁ ነጠቀችው፤ ቆርቆሮዋን ከኪሷ አውጥታ በሽቦ አንጠለጠለችና ከሥሯ በትልልቁ ጻፈች፦ ቴርሲንግ።

"አራት ዓመት ሙሉ" አሉ ናንግ ኢስፔ ወደ ቆርቆሮዋ ጠጋ ብለው፣ "የተሳፈርኩት የወተት ጣሳ ላይ ነው?"

"አዎ፣ ናንግ ኢስፔ። የሸጎጥኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ አይቼ የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ኖኖይ ዘይት አጉድሎ አያውቅም። ይቅር በሉኝ።"

ካርዲንግ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ከእኔ ሥር ስቀያት እንጂ! ለምን ከላይ ሆነች?"

"ከላይህ ነው ቦታዋ። አንተ ስትያዝ አልደበቅክም።"

ካርዲንግ ሳቁን አቆመ። ገባ ብሎ የተረፉትን ብሎኖች ያጠብቅላት ጀመር።

ናንግ ኢስፔ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና ወደ አማቻቸው ዞሩ። "ምን ታየኛለህ? ግባና አስነሳት!" የወንድማቸውን ልጅ ደግሞ፣ "አንተ ዶሮውን ያዝ" አሉት።

በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

በሳምንቱ ጂፕኒዋ ሃያ ሰው፣ አሥር ጆንያ ጎመንና ናንግ ኢስፔን ጭና ቡካሪን ተያያዘችው። ቴርሲንግ ከኖኖይ ጎን ተቀምጣለች፤ መዳፏ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ያን ዕለት የቆሙበት ጠመዝማዛ ጋ ሲደርሱ ኖኖይ ማርሽ ቀነሰና ነዳጁን ረገጠ። ጂፕኒዋ ሽቅብ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ደረሰች።

"ምን ይሰማዎታል፣ ናንግ ቴርሲንግ?" አላት እየፈራ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልኩህ እኮ! ሳትንኳኳ ወጣች!" ብላ ጮኸች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ፣ በዘይት እጇ ጠረገችው፣ ፊቷ ሁሉ ጠቆረ። ከኋላ ናንግ ኢስፔ በጃንጥላቸው ጣሪያውን እየመቱ፣ "ጡሩምባውን ንፋው እንጂ አማቼ፣ አገሩ ይስማን!" ይላሉ።