ፌስታል ይዘው የሚያስተምሩት አጎቴ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ሐዋሳ መሃል ከተማ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ለስኳር፣ ለግፊትና ለልብ ሕመም ብዙ መድኃኒት ይውጡ ነበር። ከመቀመጫቸው በተነሡ ቁጥር ሲያዞራቸው ሰንብቶ አንድ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ወደቁ። እኛ «እርጅና ነው» ብለን ነበር።

ሆስፒታል ስወስዳቸው የፋርማሲ ተማሪዎች ለልምምድ ከበቧቸው። ሁሉም የሕክምና ካርዳቸው ላይ ሲያቀረቅሩ አጎቴ፣ «ልጆቼ፣ ወረቀቱ አይናገርም፤ እኔን ጠይቁኝ» አሏቸው።

አንዲት ዓይን አፋር ተማሪ፣ «አባባ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ» አለች። ፌስታላቸውን ዘረገፉላት። ሁለት ካርቶን አነሣችና፣ «ስማቸው ተለያየ እንጂ አንድ የግፊት መድኃኒት ናቸው። እጥፍ እየወሰዱ ነው!» አለች። ሐኪሙ አንዱን አስቆመ፤ ማዞሩም ተዋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር ኮታቸውን ለብሰው፣ ፌስታላቸውን ይዘው፣ «ላስተምር ነው» እያሉ ይሄዱ ነበር። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ያቺ ተማሪ አሁን መምህርት ናት። ለቅሶ ስትመጣ የአጎቴ ባለቤት አቅፈዋት፣ «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ የመጨረሻ ልጃችንን ሳይድሩ ይሄዱ ነበር። በሠርጓ ዕለት እንዴት እንደጨፈሩ ባየሽ!» አሏት።