ለምሕላ የተሸከምነው ድንጋይ

የታሰርነው ድንጋይ ተሸክመን ኮረብታ ስንወጣ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን አፉላ በምትባል ከተማ ካለው ሰፈራችን ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር፣ አንድ ኩባንያ ለባትሪ የሚሆን ማዕድን እፈልጋለሁ ብሎ መሰርሰሪያ ማሽን አቁሞ ነበር። ከዚያ በፊት በሰፈሩ አዳራሽ ሰብስቦን፣ ዓለም ነዳጅ ልትተው ነው፣ የመኪናውም የስልኩም ነገ ያለው ከመሬት በታች ነው ሲለን አመሸ። ውሃችንና የቤታችን ግድግዳ ምን እንደሚሆን ስንጠይቅ ግን ሰዓቱ አልቋል ተባልን። ይሄ የሚያወሩለት የወደፊት ጊዜ ሁልጊዜ ቁፋሮውን ከድሃ ደጃፍ የሚጀምረው ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ሽማግሌዎቻችን ምሕላ እንያዝ አሉ። ጎንደር እያለን እንደምናደርገው ጾመን፣ እንደየአቅማችን በራሳችንና በትከሻችን ድንጋይ ተሸክመን ልንወጣ፣ ጫፍ ስንደርስ በፈጣሪ ፊት ዝቅ ብለን ልናስቀምጠው። ድንጋይ ይዞ ወደ ማሽን የሚሄድ ሰው በዚህ አገር ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም። ገና መንገድ ላይ ሳለን ፖሊሶች ከበቡን። ሌላውን በትነው ፊት ፊት የነበርነውን ሁለታችንን፣ እኔንና የጎረቤቴን ሽማግሌ አባት፣ መኪና ላይ ጫኑን።

ያስገቡን ክፍል ክሎሪን ክሎሪን ይሸት ነበር። የአየር ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተቀምተው በሸሚዝ ብቻ የብረት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምግብ ሲመጣ ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት፤ ጾማቸውን አልፈቱም ነበር።

“ሳላስቀምጠው ነጠቁኝ እኮ” ይሉኛል ደጋግመው። “እኔ በአገሬ ብረት አቅልጬ ማረሻ የሠራሁ ሰው ነኝ። ማዕድን አልጠላም፣ ልጄ። የሰው ቤት ሥር ሲቆፈር ግን ባለቤቱ ይጠየቃል።”

ከሰዓት በኋላ መርማሪው መጣ። ሽማግሌው ዕብራይስጥ ብዙም ስለማይሰሙ ከእኛው ልጆች አንዱን፣ ወጣት ፖሊስ፣ እንዲያስተረጉም ይዞ ነበር የመጣው። ወረቀቱ ላይ ድንጋዮቹን የያዝነው ሠራተኞቹን ለመውገር እንደሆነ ተጽፏል። ከፈረምን በማስጠንቀቂያ ወደ ቤታችን፣ ካልፈረምን ዳኛ ፊት።

“አባ፣ ታሕቶም፣ ፈርም፣ ዜሁ፣ በቃ፣ ወደ ቤት ትሄዳለህ” አላቸው ልጁ ዕብራይስጡን ከአማርኛ እየቀላቀለ።

አያቱ የሚሆኑትን ሰው “ትሄዳለህ” ሲል ደሜ ፈላ። ቢሆንም ራሴን ያዝኩና ስለ ምሕላው በዕብራይስጤ ለመርማሪው አስረዳሁት። ጾሙን፣ መውጣቱን፣ ድንጋዩን። መርማሪው ሰምቶኝ ወደ ልጁ ዞረ።

“እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ?”

ልጁ ጫማውን እያየ፣ “አላውቅም። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው” አለ።

በዚያች ቃል ነገራችን አለቀ። እኔ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የምሠራ ሰው ነኝ፤ ለማታው ሚሽመሬት፣ ለሥራ ፈረቃዬ፣ ካልደረስኩ በቦታዬ ሌላ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ልፈርም ዓይኔ እስክሪብቶው ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

“እንግዲያው ይህን ብፈርም ጸሎቴን መሣሪያ ነው አልኩ ማለት ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ቀና ብለው፣ “ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?” ብለው ጠየቁት።

ልጁ ወደ መርማሪው ዞረ። እኔ በእጄ አሳየኋቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱና፣ የሌለውን ድንጋይ ቀስ ብለው አወረዱት። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው አስቀመጡት። መርማሪው “ተነሳ” አለ፤ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ አልተነሱም። ሲነሱ ጉልበታቸውን አራገፉና፣ “አሁን ወደ ዳኛው ውሰዱኝ” አሉ። እኔም ወረቀቱን ገፍቼ መለስኩት።

በማግሥቱ ዳኛው ወደ ኮረብታው እንዳንደርስ አስጠንቅቆ ለቀቀን። በሥራ ቦታዬ ሌላ ሰው ገብቶ ቆየኝ። ማሽኑ መሬቱን በስቶ በስቶ ሄደ፤ ኩባንያው ውጤቱ ገና እየተጠና ነው ይላል፣ ግድግዳችን ግን ሳይጠና ተሰንጥቋል። ሽማግሌው ባለፈው ክረምት አረፉ።

በቅርቡ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ ያ ሲያስተረጉም የነበረው ልጅ መጣ። የደንብ ልብስ አልለበሰም።

“ሻሎም። አባ እንዴት ናቸው?” አለኝ።

“አርፈዋል።”

“የኔም አያት ለምሕላ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር” አለኝ ቀጥሎ። “ተሸክመው የተነሱት ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ አለ። ያን ቀን አላውቅም ስል አውቅ ነበር።”

ይቅርታ ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ገብቶኛል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ አላዘንኩለትም። የእኔ አውቶቡስ በሩን ከፈተ።

“የጠየቀህ አለቃህ ነው” አልኩት፤ “ሂድና ለሱ ንገረው።”