ብርቱካንማው እንግዳ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቅጽል ስሟ «ሦስት ይበቃል» ነው። አራት ቀለም ያለው ልብስ ከምትሰፋ መርፌዋን ብትውጥ ይቀላታል። አንዲት ሙሽራ አምስት ቀለም ያለበት ቀሚስ አምጥታ «በልኬ አጥብቢልኝ» ብትላት፣ «ልጄ፣ ይሄ ስብሰባ እንጂ ቀሚስ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል» ብላ መልሳታለች።

ሕጓ አጭር ነው፤ «አንዱ ቀለም አባወራ፣ ሁለተኛው እማወራ፣ ሦስተኛው እንግዳ። እንግዳ ደግሞ ጥቂት ሲሆን ነው የሚያምረው።» ሕጉ ከመጋረጃ እስከ ባሏ ካልሲ ድረስ ይሠራል።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ካፌያችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የእሱ ነበረች፤ እዚያ ተሰይሞ በዚህ ሕግ ሲቀልድ ነው የኖረው። «ትናንት ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ሽንኩርቱ ላይ ካሮት ልጨምር ስል እጄን ለቀም አድርጋ ያዘችኝ! ሞልቷል፣ ቦታ የለም አለችኝ» ይለናል። እኛም ወሬውን ካሮቱ በፖሊስ እስኪታጀብ ድረስ አሳድገን እናሠራጨዋለን።

ከክረምቱ ወዲህ ግን ወንበሯ ባዶዋን ቀረች። የሰውዬው ዓይን ደክሟል። ከደማቅ ነገር በቀር ሁሉም ጉም ሆኖበታል። ምርኩዝ ያዝ ሲሉት፣ «ሕዝብ ጭኜ ገደል ለገደል የነዳሁትን ሰውዬ እንጨት ይምራኝ?» ብሎ ተቆጣ። የሚስቱንም ክንድ እምቢ አለ። አንድ ቀን ደረጃ ስቶ ወደቀና ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወ። ሚስቱ የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ተጫዋች ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀርባት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና ብሩሽ ይዛ ተነሳች። ግድግዳውን ነጭ፣ በሩንና ወንበሩን ጥቁር ሰማያዊ ቀባች። ከዚያ እሳት የመሰለ ብርቱካንማ እንግዳ በቁንጥር በቁንጥር አስገባች፤ የደረጃው ጠርዝ፣ የበሩ እጀታ፣ የመብራት ማብሪያው ዙሪያ፣ የኮት መስቀያው፣ የሻይ ስኒው ጆሮ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አላት።

«ዲዛይን ነው። አንተ ምን ታውቃለህ!»

«የትራፊክ መብራት ውስጥ ገባን በይኛ።»

ይበል እንጂ፣ ሳምንት ሳይሞላው ደረጃውን ብቻውን ይወርድ ይወጣ ጀመር። በር ሲከፍት ግድግዳ መዳበሱ ቀረ። እሷም ለዓይንህ ብዬ ነው አላለችውም፣ እሱም አልጠየቃትም።

ችግሩ የመጣው ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። ቤቱ በብርቱካንማ ማማሩን ሰምታ፣ እሷም ከፋሽኑ ላለመቅረት፣ ከሻሿ እስከ ጫማዋ ብርቱካንማ ለብሳ ከች አለች፤ ፀሐይ ታክሲ ተሳፍራ የመጣች ነው የምትመስለው። በር አጠገብ መስቀያውን ተደግፋ ቤቱን ስታደንቅ ወንድሟ ከጓሮ ገባ። ኮቱን አወለቀና ተረጋግቶ ትከሻዋ ላይ ሰቀለው። ባርኔጣውንም ራሷ ላይ ደፋው።

«ጋሼ! ሰው እኮ ነኝ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እህቱ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ዓይኑን ስታየው ሳቋ እንባ ሆነባት። ሚስቱ ደነገጠች፤ አሁን ወደ ሶፋው ይመለሳል፣ ዳግም አይነሳም ብላ።

እሱ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«ዲዛይን ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ዲዛይን ነው» አለች።

ከዚያ ባርኔጣውን ከእህቱ ራስ ላይ አነሳ። «እንግዳ ጥቂት ሲሆን ነው የሚያምረው ያልሽው ለካ ልክ ነው» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ካፌው ያለውን መንገድስ ማን ይቀባልኛል?» ሲል ጠየቃት።

በማግስቱ ጠዋት ከካፌው መስኮት ሆነን አየናቸው። እሷ ነጭ ቀሚስ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ፣ ጀርባዋ ላይ የተለቀቀ ብርቱካንማ ሻርፕ ለብሳ ትንሽ ቀደም ብላ ትሄዳለች። ክንዷን አልሰጠችውም። እሱ ደረቱን ነፍቶ ሻርፑን ይከተላል። አስፋልቱ ጋ ስትቆም ይቆማል፣ ስትታጠፍ ይታጠፋል።

«አቤት መዘግየት!» አልነው ወንበሩን ስበን።

«ምን ላድርግ» አለ እየተቀመጠ፤ «ከፊቴ ያለችው መኪና ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።»