ከማስረዳት መጾም

ሰው ችግሩን ሲነግርዎ፣ ገና ሳይጨርስ መልሱን በልብዎ አዘጋጅተው ዝም እስኪል የጠበቁበት ጊዜ አለ? በእኔ ሙያ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። አሰላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ጥያቄው በየት በኩል እንደሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሜ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ይህ ጊዜ ይቆጥባል። ማኅበር ሲመሩበት ግን ሌላ ነው።

በየወሩ በገብርኤል ዕለት፣ በተራ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ጸልየን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን። መሪውን ሙሴ እንለዋለን። ሙሴ በዕጣ ይመረጣል፤ ባለፈው ዓመት ዕጣው በዕድሜ ከሁሉም ለማንሰው ለእኔ ወጣ። ሙሴ ጸሎቱን ያስጀምራል፣ የታመመ እንዲጠየቅ ያደርጋል፣ የተጣላ ያስታርቃል። የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስምና።

ያን ኅዳር ሁለት ማኅበርተኞች ተጣሉ። አንደኛው በሳጉሬ መንገድ ስንዴ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር ከገበሬ ጋር የሚያገናኝ ደላላ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ የሽማግሌውን ማሳ ሊያጭድ ተስማምተው ነበር። ደላላው ግን ማሽኑን ይዞ ወደ ዲክሲስ፣ ወደ አማቹ ማሳ አለፈ። ከዚያ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ፤ ቶሎም አላባራም። የሽማግሌው ስንዴ እንደቆመ ዛላው ላይ በቀለ።

የታኅሣሥ ተረኛ ደላላው ነበር። ሽማግሌው «እዚያ ቤት አልገባም» አሉ። ከማኅበርተኞቹ ገሚሱ «እሳቸው ካልገቡ እኛም አንገባም» አለ። ለገብርኤል ሳይታረቁ ቢደርሱ ማኅበሩ ለሁለት መከፈሉ ነበር።

ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ስለ ይቅርታ ያዘጋጀሁትን አስረዳሁ፤ ጥቅሱን ከነምዕራፉ፣ ምሳሌውን ከነማብራሪያው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስክ ቲቸር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ፈተናው መቼ ነው ታዲያ?»

ለደላላውም ያንኑ አስረዳሁት። «ልክ ነህ» አለኝ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም።

ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ምክሩ ለምን እንዳልሠራ፣ ምናልባትም ሌላ ጥቅስ እንደሚያስፈልግ ተነተንኩላቸው።

«አየህ፣ እኔንም እያስረዳኸኝ ነው» አሉኝ። ጾመ ነቢያት ገና መግባቱ ነበር። «ከሥጋና ከወተት መጾሙን ታውቅበታለህ። በዚህ ጾም ከማስረዳት ጹም። ክፍል ውስጥ እንጀራህ ነውና አስተምር። ከክፍል ውጭ ግን ያልተጠየቅኸውን አትመልስ። ጠዋት የዕለቱን ዳዊት ድገም፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር ጥቂት ቁም።»

ዳዊቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ዝም ብሎ መቆሙ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሁለቱን ሰዎች ጉዳይ ለእግዚአብሔር አስረዳ ነበር፤ ማን ምን እንዳጠፋ፣ በቅደም ተከተል። አስቀድሞ እንደሚያውቀው የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ስማቸውን መጥራት ብቻ ሆነ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ ሂሳብ የሚያስተምረው ሙስሊም ጓደኛዬ ዝምታዬን አስተዋለ።

«ምነው፣ ባትሪ ጨረስክ?»

ከማስረዳት እየጾምኩ እንደሆነ ነገርኩት።

«እባክህ እስከ ፋሲካ አድርሰው» አለኝ።

ጾሙ ሲጋመስ እንደገና ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ከቤታቸው ፊት ለፊት ግንድ ላይ ተቀመጥን። ስለ ዝናቡና ስለበቀለው ስንዴ ተናገሩ። የኮምባይነሩ ሹፌር ቸኩሎ እንደነበር አውቅ ስለነበር መልሱ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

«ዝናቡን እሱ አላዘነበው» አሉ በመጨረሻ። «በደጄ ሲያልፍ ቆሜ እያየሁት ነበር። ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ወርዶ ‹አስቀድሜ ዲክሲስ ደርሼ ልምጣ› ቢለኝ ኖሮ፣ ሂድ ነበር የምለው።»

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ያን ሁሉ ያስረዳሁት ስለ ስንዴው ይቅር እንዲሉ ነበር።

ደላላውን አግኝቼ «ነገ እሳቸው ዘንድ አብረን እንሂድ» ብቻ አልኩት።

«ሄጄ ምን ልበል?»

«አላውቅም። እኔም እዚያ የምናገረው የለኝም።»

«አንተ?» አለና ሳቀ። «ይህን ለማየት ስል እንኳ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ማሽኑን የት አቆምከው?» አሉት።

«በእግሬ ነው የመጣሁት ጋሼ።»

«ያኔም እግር ነበረህ።»

ደላላው አንገቱን ደፋ። «ዓይንዎን ማየት አፍሬ ነው ያለፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌውም ወደ እኔ አዩ። ሙሴው አንድ ነገር እንዲናገር የጠበቁ ይመስለኛል። ስለ ይቅርታ የማውቀው ሁሉ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱንም አላወጣሁም። ዝምታው ሲረዝም ሽማግሌው ራሳቸው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና ወደ ውስጥ አስገቡን። ለገብርኤልም ደላላው ቤት መጥተው ከጽዋው ጠጡ። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ።

ጾሙ ስለተፈታ ጥቂት ባስረዳ ቅር የሚልዎ አይመስለኝም። በዚያ በር ላይ ዝም ማለት የቻልኩት በየጠዋቱ ማንም በማያየኝ ቦታ ስለለመድኩት ነው። መሪ፣ ሰው ፊት የሚያስፈልገውን ነገር እዚያው ሰው ፊት መማር ይከብደዋል፤ ጊዜም አያገኝም።

እርስዎም ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ወይም ቤተሰብ የሚመሩ ከሆነ በሚመጣው ጾም ይሞክሩት። ጠዋት ከጸሎትዎ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ይቁሙ። የከበደዎትን ሰው በስሙ ይጥሩት፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤቱ ይሂዱ።