የእማማ መቀርቀሪያ

ውሻው ከመጣ ጀምሮ በጎረቤቶቼ ግቢ ደኅና እንቅልፍ የተኛ ቢኖር ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱም የተኙት ነገሩ ስላልገባቸው ነው። እኛ ግን ገብቶን ነበር፤ ስለዚህ ፈራን።

እኛ የምለው ወድጄ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው፣ መስኮቱ ደግሞ የሚያየው የእነሱን ግቢ ነው። በመካከላችን ያለው የሽቦ አጥር ከወንፊት አይሻልም። ወሬ ትወዳለች የሚሉኝ አሉ። መስኮቱን እዚያ ጋ ያወጣው ግንበኛው እንጂ እኔ አይደለሁም።

የጎረቤቴን ልጅ ሰፈሩ ካውያ ይላታል። ማዕዘኑ ላይ ባለው ላውንደሪ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ክንዶቿ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ተደርድሯል። ስሙ የወጣላት ግን ለሥራዋ ብቻ አይደለም። ስትናደድ አፏ የነካውን ያቃጥላል። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ያላት እናቷ ናት። እናቷን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

እማማ መርሳት የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ማንኪያ ያስቀመጡበት ጠፋቸው፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ ዘመኑ ራሱ። ያልረሱት ዶሮዎቻቸውን ነው። ጠዋት ይከፍቱላቸዋል፣ ሲመሽ ይዘጉባቸዋል፣ በተለይ ገብስማዋን ቁጭ ብለው ያወሯታል። ከሰው ጋር ሲያወሩ ቃል የሚጠፋባቸው ሴት ከገብስማ ጋር ሲሆኑ አንዲት ቃል አትጎድልባቸውም። ካውያ ከሥራ ስትገባ ጓሮው ጥግ ላይ ተደብቃ ታዳምጣቸዋለች። አንድ ቀን ስታለቅስ አይቻታለሁ። የድሮ እናቷን የምታገኘው እዚያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ከግቢ መውጣት መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ በነጠላ ጫማ ወጥተው ቀሩ። ሰፈሩ ተተራመሰ። ያገኛቸው ወንዱ ልጃቸው ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መናኸሪያው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያቸው።

«ልጄ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው» አሉት።

ልጃቸው እኮ ፊታቸው ቆሟል። ጢሙ ሸብቷል።

ያን ቀን ደነገጠ። የደነገጠ ወንድ መፍትሔ ብሎ የሚያመጣው ብረት ነው፤ እሱም ጡብ የሚያክል ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቶ መጣ።

«ሥራ ስትሄጂ ቤቱን ከውጭ ቆልፊባት» አላት እህቱን።

«እናቴ ዕቃ ናት እንዴ የምቆልፍባት?»

«መኪና ቢገጫትስ? ያኔ ዕቃ አይደለችም እያልሽ ትቀብሪያታለሽ።»

ይህን ሁሉ የተባባሉት እማማ በተቀመጡበት ነው። አይሰሙም ብለው፣ ቢሰሙም ይረሱታል ብለው። ካውያ እንደ ስሟ አድርጋ መለሰችለት፤ ከዚያ ወዲህ ተኮራረፉ። እሱ ግን ሲወጣ ቁልፉን በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። «ደግማ አንድ ቀን ከወጣች እኔ ራሴ መጥቼ ነው የምቆልፈው» ብሎ ሄደ። ያደርገዋል። እልኸኛነቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ውሻው የመጣው ለዚህ ነው። ከላውንደሪው ጎን ያለው ሥጋ ሻጭ ሱቁን ሊዘጋ ነበርና ለውሻው ሰው ይፈልግ ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አላት ለካውያ። «አንቺ አብዪው እንጂ እናትሽን ከበር አያሳልፋትም።»

«ዶሮዎች አሉን።»

ሥጋ ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ዶሮ ቆሞ ሲሄድ አይቶ አያውቅም። እኔ ቤት ያየው ሁሉ ተበልቶ ያለቀ ነው።»

በዚህ ምክንያት ስሙን ሉካንዳ አልነው። ካውያ ረጅም ገመድ አስራ በሩ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ አቆመችው፤ ገመዱ የውጭ በሩን ይደርሳል፣ ጓሮውን ግን አይደርስም። ሥራውንም ወዲያው ያዘ። እማማ ወደ በሩ ሲያመሩ ቀድሟቸው ደፉ ላይ ይጋደማል፤ ሊሻገሩት ሲሉ ይጮኻል፤ እኔም መቀሴን ጥዬ እወጣና እመልሳቸዋለሁ። አንድም ጊዜ አላመለጡም። በዚህ በኩል ውሻው ወርቅ ነው።

በዶሮዎቹ በኩል ግን ሌላ ነበር። ሲያያቸው አይጮኽም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች የሉካንዳን ዝምታ አላዩትም። አንገቱን ዘርግቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ምራቁን እየዋጠ ያያቸዋል። እነሱ ይጭራሉ፤ እሱ ያያል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ሉካንዳ ፀሐይ ላይ ተኝቶ እግሮቹ ሲንፈራገጡ ምን እንደሚያልም ለመጠየቅ ግን ማንም አልደፈረም።

ካውያ ልታላምዳቸው ሞከረች። የዕረፍት ቀኗን መጥረጊያ ይዛ በመካከላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሉካንዳ ዞር ብሎ ሲተኛ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ሲነሣ መጥረጊያውን ታነሣለች። ሊመሽ ሲል ደኅና ነገር የሆነ መሰለን። እሷም አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ይህኔ ገብስማ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን የማታውቀው፣ ከውሻው ሳህን ውኃ ልትጠጣ ሄደች።

ከገመዱ መወጠር በቀር የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ገብስማ ወደ ላይ ዘለለች፣ ካውያ ውሻው ላይ ወደቀችበት፣ ነገሩ ሲረጋጋ ዶሮዋ ደኅና ናት። ሉካንዳ ግን አፉ ውስጥ አንድ ላባ ይዞ ቆሟል። ሊተፋው እንኳ አልፈለገም።

ካውያ አጥሩ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ይኼ ውሻ ገብስማን ከበላ አለቀልኝ» አለችኝ። «እናቴ ዳግመኛ አታወራም። ውሻውንም ማቆየት አልችልም። ውሻው ከሄደ ደግሞ በሩ ባዶ ነው፤ በማግስቱ ወንድሜ ጓጉንቸሩን ይዞ ይመጣል።»

ምን ልበላት? «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ ማለት የሚቀለው ለሚለው ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱ አጠረ። ዶሮዎቹ ከጓሮው እንዳይወጡ ሳንቃ ተደገነ። እማማ ይህን አልወደዱትም።

«እንግዳ እንዲህ ነው የሚያዘው?» አሉ። «አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ። እንዴት ይተዋወቁ?»

«ይበላቸዋል፣ እማ።»

«እኔ አስታርቃቸዋለሁ።»

ካውያ እንደ ሌላው ወሬያቸው ቆጥራ አለፈችው። እኔም እንዲሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የደረሰው ላውንደሪው ከሆቴል በመጣ አንሶላ ጢም ባለበት ቀን ነው። ካውያ ቶሎ መውጣት አልቻለችም። ቀኑን ሙሉ ልቧ ሲፈራ ዋለ፤ የሰው ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለች፤ በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። እኔ በበኩሌ ሊመሽ ሲል ከስፌቴ ቀና ብዬ እማማ ጓሮ ጎንበስ ብለው የዶሮዎቹን ቤት ሲቀረቅሩና ሲመለሱ ከመስኮቴ አይቻለሁ። እንደ ወትሮው ነው። ዛሬም ተዘጋባቸው ብዬ ተንፍሼ ወደምሰፋው ዚፕ ተመለስኩ።

ካውያ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ግንዱ ላይ ነው። ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል። አልተበጠሰም፤ ተፈትቷል። ሉካንዳ የለም። የውጭው በር ግን ተዘግቷል። እማማ ደጃፉ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እማ፣ ውሻው የታለ?»

«ተኝቷል።»

«የት?»

«ከነሱ ጋር።» በአገጫቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ።

ካውያ ወደ ዶሮዎቹ ቤት አልሮጠችም። ወደ አጥሩ ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ ነዪልኝ» አለች። ድምፅዋ ራሱ ልጅ ሆነ።

ነጠላ ጫማዬን ሳላጠልቅ በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። የዶሮዎቹ ቤት በቆርቆሮ የተሠራ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ጎጆ ነው፤ ከውጭ በብረት መቀርቀሪያ ይዘጋል። ሌላ ጊዜ በሩ አጠገብ ስትቆሚ ውስጡ ያጉረመርማል፤ ዶሮ ለመተኛት ስትዘጋጅ ትነጫነጫለች። አሁን ምንም የለም። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ አደረግሁ። ምንም። ከመቶ ዓመት በፊት የታረደ ነገር እንኳ እንዲያ ዝም አይልም።

«አንቺ ክፈቺው» አለችኝ።

«የግቢው ባለቤት አንቺ ነሽ» አልኳት። ጀግንነቴ እዚህ ድረስ ነው።

«ደም ካየሁ በእናቴ ላይ በገዛ እጄ ነው የምቆልፍባት። ገባሽ? በገዛ እጄ።»

እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ቆየች። ካውያ የጨበጠ እጅ፣ እሳት የማይፈራ እጅ፣ አንዲት ቁራጭ ብረት መግፋት አቃተው። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ገፋችው። የስልኬን መብራት አበራሁ።

ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን አስግገው፣ አንዳቸውም ሳይተነፍሱ ወደ ታች ያያሉ። ታች መሬቱ ላይ ገብስማ ላባዋን ነፍታ፣ ሁለት እጥፍ ሆና ቆማለች። ከእሷ ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ምንም ያልቀረው ሉካንዳ ነው። አፍንጫው ደምቷል። ያየሁት ደም እሱ ብቻ ነው። መብራቱ ሲያርፍበት ጭራውን በእግሮቹ መካከል እንደቀበረ ወደ ካውያ አየ፤ ከዚያ ገብስማን አየ፤ ከዚያ እንደገና ካውያን። ልለፍ ወይ የሚል ነው የሚመስለው።

«ና» አለችው።

አልመጣም። ገብስማ ዞር እስክትል ጠበቀ። ከዚያ ግድግዳውን እየታከከ፣ ጎኑን እየጠበቀ ወጣ፤ ወጥቶም ካውያ እግር ሥር ተደፋ። እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች፤ እጇን በበሩ አስገብታ ቆጡ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፣ ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን ሳይቆይ ለቅሶ ሆነ።

እማማ ከኋላችን መጥተው ቆመዋል።

«እማ፣ ቢበላቸውስ ኖሮ?»

«አንቺ ወንድምሽን በላሽው?»

«ምን?»

«ስትጣሉ ዕቃ ቤት አስገብቼ እቀረቅርባችሁ አልነበር? ከከሰሉ ጋር። እየተቧጨራችሁ ትገባላችሁ፤ ስትወጡ ጠቁራችሁ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ። ያለዚያ መች ትስማሙ ነበር።»

ካውያ አፏን ከፈተች። ትዝ አላት። እኔም ትዝ አለኝ፤ ጩኸቱን ከመስኮቴ እሰማው ነበር።

እማማ ግን አልጨረሱም። ፊታቸው ላይ ያለው እርጋታ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ወደ ቤቱ በር ዞሩ፣ ጓጉንቸሩ ወደተሰቀለበት።

«የሚቀረቀረው ሁለት ሲሆኑ ነው» አሉ። «ብቻውን የተቆለፈበት ሰው ከማን ጋር ሊታረቅ ነው?»

ካውያ የእናቷን ዓይን ተከትላ ቁልፉን አየች።

«እኔ ብቻዬን እፈራለሁ» አሉ እማማ።

እንግዲህ ያን ቀን ሰምተው ነበር። ሰምተው፣ ማንኪያውንና ስሙን እየረሱ፣ እሱን ብቻ ይዘውት ከርመዋል። እኛ ለዶሮ ስንፈራ እሳቸው በየቀኑ ያን ቁልፍ እያዩ ይፈሩ ነበር።

ካውያ እናቷን አቅፋ ወደ ቤት አስገባች። ጓጉንቸሩን ከሚስማሩ ስታወርደው አየኋት። ከዚያ ስልኳን አነሣች። «ና» ስትል ሰማሁ። «አይ፣ ደኅና ናት። ነገ ግን ና። በስልክ አይሆንም።»

በማግስቱ ሾፌሩ መጣ። ግቢው መካከል ቆመው ገና ሰላም ሳይባባሉ ድምፃቸው ከፍ ማለት ጀመረ። እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዷቸው።

«ግቡ።»

ሁለት ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ተያዩ፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። እማማ ከውጭ ቀረቀሩባቸው። ሉካንዳ ደፉ ላይ ተጋደመ፤ ገብስማ ከጎኑ ትጭራለች፤ እሱም እሷ በቀረበች ቁጥር አፍንጫውን እግሩ ሥር ይሸሽጋል።

መጀመሪያ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ እየቀነሰ ሄደ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ጊዜው ረዘመ። እኚህ ሴት ምሳ መብላታቸውን የሚረሱ ናቸው። ረስተዋቸው ከግቢ ቢወጡስ? ሾፌሩ ድሮውንም ሊቆልፍባቸው የሚፈልግ ነው፤ ይህን ካየማ አይመለስም። ተነሥቼ አጥሩ ድረስ ሄድኩ።

እማማ ዕቃ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እማማ» አልኳቸው፤ «ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ስሜን ፈለጉት፤ አላገኙትም።

«ልጆቼ ናቸው» አሉ። «እንዳልረሳቸው መቀርቀሪያውን በእጄ ይዤዋለሁ።»