መርዶ ተነግሯል?

ይህን የምጽፈው ከማስታውሰው ነው፤ የማስታውሰውን ሁሉ ግን አላምነውም። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ የሆነውን ነገር እንዲሆን ከተመኘሁት መለየት እየከበደኝ መጥቷል። ስለዚህ የተጠራጠርሁበት ቦታ ስደርስ መጠራጠሬን እናገራለሁ።

ወልቂጤ መምህር ሆኜ ስመጣ ሰፈራችን ትንሽ ነበር። ሰው ሲሞት የእድራችን ለፋፊ ጥሩምባውን ይዞ ይወጣል፤ ከላይ እስከ ታች የማይሰማው አልነበረም። ጥሩምባው ግን የሚነፋው ምንጊዜም ከመርዶ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሽማግሌዎች ማልደው የሟቹን ዘመድ ቤት ያንኳኳሉ፤ ተቀምጠው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ጎረቤት በደጅ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይነገራል። መርዶ ለብቻ አይሰማም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የጣሰውም አላጋጠመኝም ነበር።

ከተማው ሲሰፋ፣ ባጃጁ ሲበዛ፣ አባሎቻችንም ዳር ዳሩን ቤት እየሠሩ ሲርቁ ጥሩምባው አልደርስ አለ። ቀብሩ ካለፈ በኋላ የሚሰማ ሰው በዛ። ኮሚቴው የአባላቱ ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ እንዲገባና የሞት ዜና በስልክ መልእክት እንዲላክ ሐሳብ አቀረበ። በጉባኤው የነበረው ሳቅ ትዝ ይለኛል።

«ኔትወርክ በጠፋ ቀንስ?» አለ አንድ ነጋዴ ከኋላ።

«ያን ቀን የሚሞት የለም!» አለው ሊቀ መንበሩ፣ የቀድሞ ተማሪዬ።

«እንግዲያስ በዚህ ኔትወርክ ማቱሳላን ልንበልጥ ነው!»

«መልእክቱ ከመርዶው ቀድሞ ሐዘንተኛው ቤት ቢገባስ?» የሚል ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። ያነሣሁት እኔ ነኝ እያልሁ ስናገር ኖሬአለሁ፤ አሁን ሳስበው ከጎኔ የተቀመጡት ሐጂ ሳይሆኑ አይቀሩም። መልሱ አጭር ነበር፦ የሐዘንተኛው ቤት አባወራ ስልክ ይዘለላል። ሁላችንም ረካን። ለለቅሶ ቤት ምግብ የሚያደርሱት ሴቶች የራሳቸው የስልክ ዝርዝር እንዳላቸው፣ እሱም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ እንደገባ ከወንዶቹ ልብ ያለ አልነበረም።

ባለቤቴ የቡታጅራ ልጅ ነበረች። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ እዚያው ጨርቅ ይነግድ ነበር። በየሳምንቱ፣ ከገበያው ቀን ማግስት፣ ይደውልላታል። በቋንቋቸው ሲያወሩ ንግግሩን እኩሌታውን ብቻ እሰማ ነበር፤ ሳቃቸውን ግን ሙሉውን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ልጅ ለእኔ ደወለ። ገና ድምፁን ስሰማ ገባኝ።

«ጋሼ፣ አባዬ አረፈ። ለአክስቴ አሁን እንዳይነግሯት። በወጉ ይሁን።»

ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድሁ። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ እንዲመጡ፣ ከዚያም ሚኒባስ ወደ ቡታጅራ እንዲወስደን ተስማማን። እሱም ለቀብሩ የሚሄደው ሰው እንዲዘጋጅ ዜናውን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ። የእኔ ስልክ ተዘለለ። ኪሴ ውስጥ ዝም ማለቱን እያሰብሁ፣ አሠራሩ እንዳሰብነው ሆነ ብዬ ተጽናናሁ።

ማታ ጎመንና ቆጮ አቀረበችልኝ። እሷ አልበላችም፤ «አላሰኘኝም» አለች። ዓይኗን ላለማየት ሳህኑን እያየሁ በላሁ። «ወንድሜ ዛሬ አልደወለም?» ብላ የጠየቀችኝ ይመስለኛል። ምናልባት የጠየቀችኝ በሌላ ቀን ይሆናል። ያን ማታ ጠይቃኝ ከሆነ፣ «አልደወለም» ብዬ መልሻለሁ።

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። አስቀመጠቻቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ እንሰቱ አወሩ፤ ለሁሉም መልስ ሰጠቻቸው። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ተናገሩ። ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹ ከደጅ ገብተው ያዟት። ሐዘኑ ቢከብድም በወጉ ደረሳት ብዬ አመንሁ።

ከአርባው በኋላ፣ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ነው የነገረችኝ።

«መልእክቱ ለሴቶቹ ሁሉ ሲደርሳቸው ለእኔም ደረሰኝ። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብሁት።»

«ታዲያ ራት ስታቀርቢልኝ ታውቂ ነበር?»

«አንተስ ስትበላ አታውቅም ነበር?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ጠበቅሁ። ወንድሜ ሞቶ መርዶ ሳይነገርለት ቀረ እንዳይባል።»

ነገሩን ለኮሚቴው አስረዳሁ። አፈሩ። ኮምፒውተሩ መልእክት ከመላኩ በፊት «መርዶ ተነግሯል?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ «አዎ» ካልተባለም እንዳይልክ ተደረገ። ይህን ስነግራት «ደግ አደረጋችሁ» ብቻ አለች። ያን ማታ ስለ ወንድሟ ጠይቃኝ እንደሆነ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። ራት በቀረበ ቁጥር ለነገ አሳደርሁት።

ባለፈው ክረምት እጇን እንደያዝሁ አረፈች። ሴቶቹ መጥተው ዓይኗን ከከደኑ በኋላ ሊቀ መንበሩ የእድሩ ዝርዝር አሁን የገባበትን ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጠይቃል።»

«ምን ብሎ?»

«መርዶ ተነግሯል ወይ ይላል። ምን ልበለው?»

ማን እንደቀረ አሰብሁ። ልጅ አልወለድንም፤ ወንድሟም ቀድሟታል፤ የወንድሟ ልጅም መታመሟን ሰምቶ መጥቶ አብሮን ነበር። መርዶ የሚነገረው ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ፤ እኔ ደግሞ አጠገቧ ነበርሁ።

«አዎ በለው» አልሁት።

በግቢው የቆሙት ሰዎች ስልክ ተራ በተራ ጮኸ። የእኔ ዝም አለ፤ ተዘልሏል። ከራስጌዋ ያለው የእሷ ስልክ ግን ጮኸ፤ ስሟን ከሴቶቹ ዝርዝር ያወጣ ሰው ገና አልነበረም። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩት፤ የነካው የለም። እኔ አንሥቼ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ በእጄ ያዝሁት። ይህን አልጠራጠርም።